የተወለድሽ ዕለት ዝናብ ነበር

ሰዓቱ ላይ ለመግባባት አልተቸገርንም። የግቢያችን ዘበኛ፣ እዚህ ናይሮቢ አስካሪ የሚሉት፣ እንግዶች ስንት ሰዓት እንደሚመጡ ሲጠይቀኝ «ሳአ ኩሚ» አልኩት። አዲስ አበባ ላለችው እናቴ በስልክ «አሥር ሰዓት ላይ ነው» አልኳት። ኩሚ አሥር ነው። ስዋሂሊም እንደ አማርኛ ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው ጀምበር ስትወጣ ስለሆነ፣ የሞምባሳ ተወላጁ ዘበኛና የኮልፌዋ እናቴ ያለ አስተርጓሚ አንድ ሰዓት ላይ ተገናኙ። ያልተስማማው ስልኬ ብቻ ነው፤ እሱ አራት ሰዓት ይላል።

ቀኑ ግን አስቸገረ። ልጄ አምስት ዓመት ልትሞላ ነው። ኬንያ በሰጠቻት የልደት ምስክር ወረቀት ላይ የተወለደችው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2019 ነው። በእኛ ጳጉሜ 6 ቀን 2011 ዓ.ም.፤ በአራት ዓመት አንዴ፣ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ብቻ ብቅ የምትለው ስድስተኛዋ ቀን። ስለዚህ በናይሮቢ ቀመር በየዓመቱ ልደቷ የሚውል ልጅ፣ በእናቴ ቀመር ልደቷ የዋለው አንዴ ብቻ፣ በ2015 ነው። ሁለተኛው በ2019 ይመጣል። በቀሩት ዓመታት ሴፕቴምበር 11 የሚገጥመው ከመስከረም 1 ጋር ነው። አምስት የምትሞላበት ዓመትም እንደዚያው፤ መስከረም 1 ቀን 2017፣ ያውም ረቡዕ።

«እንግዲያው ልጅቷ ልደት የላትም፤ ያላት እንቁጣጣሽ ነው» አለች እናቴ። «አገር በሙሉ የሚደግስላት ልጅ ምን ጎደለባትና ነው?»

ሳቅኩ፤ መልስ ግን አልነበረኝም። አገር በሙሉ የሚደግሰው እዚያ ነው። እዚህ ኪሊማኒ መስከረም 1 ተራ ረቡዕ ነው፤ ልጆች ትምህርት ቤት ይውላሉ፣ አበባ ይዞ በር የሚያንኳኳ የለም። አዲስ አበባ ብትሆን የአምስት ዓመት ሴት ልጅ በዚያ ቀን የየቤቱ እንግዳ ነበረች። እዚህ እንግዶቹን እኛ ካልጠራንላት ቀኑ ዝም ብሎ ያልፋል።

ያሰብነው ትንሽ ነገር ነበር። «ትንሽ ድግስ» የሚለው አነጋገር ግን ከአፍ ሳይወጣ እርስ በርሱ ይጣላል። የተጠራ ሰው ሳይሆን ያልተጠራ ሰው የሚቆጠርበት ነገር ነው ድግስ። የሚጠሩት ልጆች ቁጥር ከልደተኛዋ ዕድሜ አይብለጥ የሚል የፈረንጅ ምክር አለ፤ አምስት ዓመት፣ አምስት ልጅ። ሞከርኩት። ከላይኛው ፎቅ ሁለት፣ ከጎናችን አንድ፣ ከክፍሏ ሁለት፤ ሞላ። ግን የአስካሪው ልጅ ከእሷ ጋር ደረጃ ላይ ስትጫወት የምትውል ናት። እሷን ከዝርዝሩ የማስቀረው በምን ሰበብ ነው? ምረቃ ቢሆን ያልተመረቀውን አለመጥራት ይቻላል። ሠርግ ቢሆን ዘመድ ያልሆነውን። ልደት የሚከበረው ግን ማንም ባልሠራው ነገር ነው፤ ልጄ ለመወለዷ ምንም አላደረገችም፣ የአስካሪው ልጅም እንዲሁ። ማንም ያልደከመበት ነገር ላይ በር መዝጋት የሚያስችል ሚዛን አላገኘሁም። ጠዋት አምስት የነበረው ዝርዝር ማታ አሥራ አራት ሆኖ አደረ።

ባደግኩበት ሰፈር ተራ ሰው ልደት አልነበረውም። ልደት የነበራቸው ሦስት ናቸው፤ ጌታ፣ እመቤታችንና ጃንሆይ። የእመቤታችን ግንቦት 1 ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ከቤት ወጥቶ ዛፍ ሥር ንፍሮ የሚቀቅልበት፣ ቡና ደጅ የሚፈላበት፣ ለእኛ ለልጆች ትኩሱን ንፍሮ በእፍኛችን የሚዘግኑልን ልደታ። የጃንሆይን ሐምሌ 16 አልደረስኩበትም፤ የሕዝብ በዓል እንደነበር ትልልቆቹ ሲያወሩ ነው የሰማሁት። ናይሮቢ መሃል ከተማ በስማቸው የተሰየመ ሰፊ ጎዳና አለ። አንዳንድ ማታቱ ላይም ፊታቸው ተስሎ ያልፋል፤ ልጄ «ያ ሰውዬ ደግሞ ማነው?» ትለኛለች፤ ልደቱ ሥራ ተዘግቶ ይከበር የነበረ ሰው ነው እላታለሁ። ለእኛ የነበረን የታቦት ቀን ነው። ለሚካኤል ተወለደ፣ ለማርያም ተወለደች ይባላል። በየወሩ 12 ወይም 21 ሲመጣ ይታሰባል፤ ቀኑ ግን የመልአኩ ወይም የእመቤታችን ነው እንጂ የልጁ አይደለም።

ከመወለድ ጋር የመጣው ደስታ እንኳ የሚነገረው ለሌላ ሰው ነበር። አራስ ልትጠይቅ የመጣች ሴት ደፍ ላይ ቆማ ሕፃኑን «እንኳን ተወለድክ» አትለውም። እናቱን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትላታለች። በዚህ አባባል ውስጥ ልጁ የለም። ያለችው ከሞት አፍ የተመለሰች ሴት ናት። ገንፎውም የሷ ነው፣ እልልታውም ለሷ ነው፤ ለወንድ ሲሆን መብዛቱ፣ ለሴት ሲሆን ማነሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከቂሜ ጋር ላስቀምጠው። ኬኩና ሻማው ይህን ገለበጠው። ልጁ መሃል ተቀመጠ፣ እናቱ ሳህን ይዛ ዙሪያውን ትዞራለች። ባለፉት አራት ልደቶች «እንኳን ማረችሽ» ያለኝ ሰው አላስታውስም። «ሹካ አቀብዪኝ» ያለኝ ብዙ ነው።

ከጠራናቸው መካከል በኢስትሊ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። በ1983 በሞያሌ በኩል ተሻግረው የመጡ ናቸው። መታወቂያቸው ላይ የተወለዱት ጃንዋሪ 1 ነው። መዝጋቢው ቀናቸውን ሲጠይቃቸው አላወቁትም፤ ቀኑን ለማያውቅ ስደተኛ ደግሞ ጃንዋሪ 1 ይጻፍለታል። በካኩማም፣ በዳዳብም፣ በኢስትሊም የዚያ ቀን ልደተኛ ሞልቷል። እሳቸው አይከፉበትም። «ርችት የሚተኮሰው ለኔ ነው» ይላሉ። ለልደቷ ዳቦ እንዲባርኩልን ስጠራቸው ግን ሌላ ነገር ነገሩኝ።

«እናቴ የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ ጡት ትጠባ ነበር ትለኛለች። ተኩሱ ሲጀመር ጡቷን ከአፌ ነጥቃ፣ እኔን አቅፋ አልጋ ሥር ገባች። እኔ ግን ጡቱን ስለተነጠቅሁ እንጂ ስለ ተኩሱ አላለቀስኩም። አየሽ ልጄ? ቀን የለኝም እንጂ ልደትስ አለኝ።»

የታኅሣሥ ግርግር በ1953 ነው፤ ከዚያ ተነስቶ ዕድሜያቸውን መገመት ይቻላል። በእኛ አገር የልደት ምዝገባ በአዋጅ 760/2004 ተደንግጎ በመላ አገሪቱ ሥራ የጀመረው በ2008 ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት አብዛኛው ሰው የተወለደው በሰው አፍ ነው፤ ጣሊያን በወጣ በዓመቱ፣ አንበጣው በመጣ ጊዜ፣ በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ አባትህ በሬውን የሸጠ ሳምንት። ይህን ሁልጊዜ እንደ ጉድለት እቆጥረው ነበር። አሁን አሁን ግን ወረቀት ያለውም ሰው የተወለደው በሰው አፍ መሆኑ ይታየኛል። ወረቀቱ ራሱ አንድ ሰው ያየውን ለሌላ ሰው ተናግሮ የተጻፈ ወሬ ነው። ስለ ራሴ ከማውቀው ነገር ሁሉ መጀመሪያ የሆነው፣ ከሁሉ ይልቅ የእኔ የሆነው፣ እኔ በፍጹም ያላየሁት ነው። ማንም ሰው የገዛ ልደቱ ምስክር ሊሆን አይችልም።

የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ የሚጀምረው በልደት ነው። ሰው የነገረውን ሁሉ በልቡናው ሚዛን ሳይመዝን አልቀበልም ያለው፣ ሁሉም የየራሱን ሃይማኖት እውነት ሲል አይቶ ማንን ልመን ብሎ ዋሻ ውስጥ የጠየቀው ያ ሰው፣ በመጀመሪያዎቹ መስመሮች አክሱም ምድር ከድሃ ገበሬ በ1592 ዓ.ም. ነሐሴ 25 ቀን መወለዱን ይነግረናል። ማን ነገረው? ይህን አይጠይቅም። የምርመራ ሁሉ መጀመሪያ የሆነው ዓረፍተ ነገር ያልተመረመረ፣ ከእናት ከአባት አፍ እንዳለ የተወሰደ ነው። ጉዳዩን ይበልጥ የሚያስቀው ደግሞ መጽሐፉ ራሱ ልደቱ አከራካሪ መሆኑ ነው። የ17ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያዊ ሥራ ነው የሚሉ አሉ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችን የነበረው ጣሊያናዊ መነኩሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የጻፈው ነው የሚሉም አሉ። ክርክሩን ለሊቃውንቱ እተወዋለሁ። ለእኔ የበቃኝ፣ ሰው ሁሉን ተጠራጥሮ ሲጨርስ እንኳ የተወለደበትን ቀን የነገሩትን ሰዎች ሳይጠራጠር መቅረቱ ነው። ያ የመጀመሪያው እምነት ከሌለ የሚጠራጠረው ማን እንደሆነ እንኳ አይታወቅም።

ይህን በግልጽ ያየው ሌላ አፍሪካዊ አለ። በዛሬዋ አልጄርያ የተወለደው አውግስጢኖስ በኑዛዜው ሕፃንነቱን እንደማያስታውስ፣ ስለዚያ ጊዜ የሚያውቀውን ያመነው ሌሎች ሲናገሩ ሰምቶና ሌሎች ሕፃናትን አይቶ እንደሆነ ይጽፋል። ይኸው ሰው በ386 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር፣ ኖቬምበር 13 ቀን፣ ገና ሳይጠመቅ፣ ሚላኖ አጠገብ ባለ የገጠር ቤት 32ኛ ልደቱን አክብሯል። የጠራቸው እናቱን ሞኒካን፣ ወንድሙን፣ ልጁን፣ ሁለት ዘመዶቹንና ሁለት ተማሪዎቹን ነው። ሰባት ሰው። ምሳው ለማሰብ እንዳያስቸግር ቀለል ያለ ነበር። ከዚያ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ተቀምጠው ደስተኛ ሕይወት ምንድን ነው እያሉ መነጋገር ጀመሩ፤ ንግግሩ ሦስት ቀን ቆየ። ሳነበው ከክርክሩ ይልቅ የገረመኝ የእናቱ መኖር ነው። በፍልስፍና መጻሕፍት ውስጥ እናት ጠፍታ ነው የምትገኘው። እዚህ ግን ሞኒካ ተቀምጣ ትናገራለች፣ ንግግሯም ይወደሳል። በዚያ ክፍል ውስጥ የተወለደበትን ዕለት ሆዷ ውስጥ ይዛ የዋለች እሷ ብቻ ነበረች።

እኔስ? ልጄ ስትወለድ እዚያ ነበርኩ ማለት ይቀለኛል። እውነቱን ለመናገር ግን ከዚያ ዕለት የያዝኩት ትንሽ ነው። የጣሪያው መብራት ሲብለጨለጭ ትዝ ይለኛል። አንዲት ነርስ በስዋሂሊ «ፖሌ፣ ፖሌ» ስትለኝ፣ አይዞሽ ማለቷ ይሁን ቀስ በዪ ማለቷ ሳልለይ መቅረቴን አስታውሳለሁ። ሰዓቱን የጻፈችው አዋላጇ ናት። የልጄን ክብደት የነገረኝ ባለቤቴ ነው። እናቷ ሆኜ እንኳ ስለ ልደቷ የማወራው ግማሹን ከሰው ሰምቼ ነው።

እናቴ ግን ሁሉንም ታውቃለች። በየዓመቱ በስልክ ትተርክላታለች። «የተወለድሽ ዕለት ዝናቡ ለጉድ ነበር። ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰው ለሰው አይሰማማም። እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ አባትሽ ‹ተገላገለች› ሲለኝ፣ በዝናቡ ሁለቴ አስደገምኩት።»

ዝናቡ የኮልፌ ነው። ቆርቆሮውም የኮልፌ ነው። ናይሮቢ ያን ቀን ጠራራ ነበር፤ ሴፕቴምበር እዚህ ደረቅ ወር ነው፣ አጭሩ ዝናብ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ባለቤቴ ደውሎ የነገራት አቧራ ከለበሰ የሆስፒታል ግቢ ቆሞ ነበር። ልጄ ግን ዝናቡን ወስዳዋለች። መዋዕለ ሕፃናት እያለች የተወለደችበትን ቀን ሣሉ ሲባሉ አንድ አልጋ ሣለች፣ በላዩ ላይ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ሰማያዊ መስመር አወረደች።

ላርማት ወይ? ድግሱን ከማሰናዳቱ ይልቅ ይህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ከእንግዲህ አምስት ዓመቷ ነው፤ ነገሮች ይቀመጣሉ። የዘርዓ ያዕቆብ ልጅ ብትሆን «ዝናቡ የት ነበር? ማን አየው?» ትል ነበር። እኔም ውሸት አስተምሬ ማሳደግ አልፈልግም። ግን እናቴ አልዋሸችም። እሷ በቆመችበት ቦታ ልጄ የተወለደችው በዝናብ ውስጥ ነው። ልደት የተወለደው ሰው የሚያየው ነገር ካልሆነ፣ ያዩትና የሰሙት ሰዎች በቆሙበት ቦታ የሚሆን ነገር ነው፤ እናቴ ደግሞ ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ ልጄን በአካል ሳታቅፍ በዚያ ስልክና በዚያ ዝናብ ውስጥ ነው አያት የሆነችው። ዝናቡን ከወሰድኩባት ምን ይቀራታል? ጉዳዩን ሳልወስን ወደ ኬኩ ሄድኩ።

ረቡዕ ጾም ነው። ልጄ ሰባት ዓመት አልሞላትም፣ አትጾምም፤ የሐበሻ እንግዶቻችን ግን ይጾማሉ፤ እንቁጣጣሽ መሆኑም ረቡዕን አያስፈስክም። ናይሮቢ ኬክ በኪሎ ነው የሚሸጠው። አንድ ኪሎ ማርብል፣ ሁለት ኪሎ ብላክ ፎረስት እያሉ እንደ ሥጋ ያዝዛሉ። እንቁላል የሌለው ኬክ ፈልጌ ነበር ስል ኬክ ጋጋሪዋ ምንም አልገረማትም፤ ናይሮቢ የሕንዶች ከተማም ናት፣ እንቁላል የማይበላ ደንበኛ ሞልቷታል። ደስ ብሎኝ ላዝዝ ስል ወተትና ቅቤ እንዳለበት ነገረችኝ። እነሱ የሚተዉት እንቁላሉን ነው፣ እኛ ደግሞ ሁሉንም። የሁለት ሃይማኖት ጾም ተገናኝቶ ግማሽ መንገድ ላይ ተለያየ።

የፈርዖን ልደት ትዝ አለኝ። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ልደቱን ያከበረ ተብሎ በግልጽ የተጻፈለት ሰው ሁለት ነው፤ ሁለቱም ንጉሥ፣ ሁለቱም ደም። ፈርዖን በልደቱ ቀን የጠጅ አሳላፊውን ወደ ቦታው መለሰ፣ እንጀራ አበዛውን ሰቀለው። በልደት ቀን የተሰቀለው ጋጋሪው መሆኑ፣ ኬክ ጋጋሪ ፊት ቆሜ ሳስበው ትንሽ አሳቀኝ። ሁለተኛው ሄሮድስ ነው። የሄሮድያዳ ልጅ ዘፈነችለት፣ የመጥምቁ ዮሐንስ ራስ በሳሕን መጣ። በሦስተኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ኦሪጀን ይህን ይዞ፣ ልደቱን የሚያከብር ኃጢአተኛ እንጂ ጻድቅ አይደለም ብሎ ነበር። እና የእኛ አዲስ ዓመት ሌላ ስሙ ማን ነው? ቅዱስ ዮሐንስ። ስንክሳሩ የተሰየፈበትን መታሰቢያ በማግስቱ፣ መስከረም 2 ያስባል። የልደት ድግስ አንገቱን ያስቆረጠው ሰው በሚከብርበት ቀን ነው እኔ ለልጄ ልደት የምደግሰው። ለሽማግሌው ይህን ስነግራቸው ጥቂት አሰቡና «ሄሮድስ የደገሰው ለራሱ ነው» አሉኝ። «አንቺ ለራስሽ አይደለም። ዳቦው እንዳያርርብሽ ብቻ።»

ዳቦ ያሉት ድፎ ነው። ነገሩን የፈታው ድፎ ሆነ፤ ዱቄት፣ እርሾ፣ ጥቁር አዝሙድ፤ እንቁላል የለው፣ ወተት የለው። ኮባ ናይሮቢ ላይ አላገኘሁም፤ የሙዝ ቅጠል ግን የትም አለ፣ ሰፊ ሰፊውን አንድ ነጋዴ በሃምሳ ሽልንግ ሰጠኝ። ሽታው እንደ ኮባ አይሆንም፤ ቅርብ ነው። ምሽቱን ሊጡን ስጠፈጥፍ ሌላ ጥያቄ መጣ። ዳቦ የሚቆርሰው ሽማግሌ ነው፣ ባርኮ። ኬክ የሚቆርሰው ልጅ ነው፣ ተመኝቶ። በዳቦው ሥርዓት በረከት ከላይ ወደ ታች፣ ከረጅም ዕድሜ ወደ አጭር ይወርዳል። በኬኩ ሥርዓት ቢላዋ የሚይዘው ገና ምንም ያላየው ነው። የትኛው ይሻላል ብዬ አልወሰንኩም። ሽማግሌው መጀመሪያ ይባርኩ፣ ከዚያ አምስት ሻማ ድፎው ላይ ይሰካ፣ እሷ ትቁረስ አልን። ድፎ ላይ ሻማ ለመሰካት በመጀመሪያ በሹካ ቀዳዳ መብሳት ያስፈልጋል፤ ቅርፊቱ አይበገርም።

የላይኛው ፎቅ ጎረቤቴ ሉዎ ናት፤ ድፎውን ልታይ ስትወርድ ስለ ስም ተጫወትን። በእነሱ ዘንድ ልጅ የተወለደበት ሰዓት ስሙ ውስጥ ይገባል። አኪኚ ጠዋት የተወለደች ናት፣ አቺየንግ ፀሐይ ላይ፣ አቲየኖ ሌሊት። ሰዓቱን የሚረሳው አይኖርም፤ በተጠራ ቁጥር ይነገራል። ልደት በዓመት አንዴ ሳይሆን በየጥሪው ይውላል ማለት ነው። የእሷ የመጀመሪያ ልጅ አኪኚ ናት። እንግዲህ የልደት መዝሙር ተብሎ በዓለም ሁሉ የሚዘመረው ዜማ መጀመሪያ ላይ የልደት አልነበረም፤ በ1893 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር የታተመ፣ ሁለት አሜሪካውያን እኅትማማቾች መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ለልጆች ያወጡት የጠዋት ሰላምታ ነበር። ዜማው ለአኪኚዎች የተሠራ ነው አልኳት፤ በጣም ወደደችው። የልጄን ስም ትርጉም ስትጠይቀኝ ተንተባተብኩ። የእኛ ስም የሚናገረው ወላጆች ያን ጊዜ የፈለጉትን ነው፤ ሰዓቱን አይናገርም። «ታዲያ በምን ታውቃለች?» አለችኝ።

«አያቷ ትነግራታለች።»

«ምን ብላ?»

«ዝናብ ነበር ብላ።»

ጎረቤቴ በመስኮት ወደ ሴፕቴምበሩ ሰማይ ተመለከተች፤ ምንም አላለችም።

ረቡዕ ሳአ ኩሚ ላይ አሥራ አራቱም መጡ፤ ሁለት ያልቆጠርናቸውም። ሳሎኑ ላይ ቄጠማ የመሰለ ሣር ጎዘጎዝን፤ ከመንገድ ዳር አበባ ሻጭ የገዛነው፣ ለምን እንደፈለግነው ሦስቴ የጠየቀን። ፈንዲሻው ጠረጴዛ ሳይደርስ አለቀ። ሽማግሌው ቆመው ባረኩ፤ አጭር አላደረጉትም፤ የኬንያ ልጆች ቃሉን ባይሰሙትም «አሜን» የሚለው ቦታው የት እንደሆነ ቶሎ ያዙት። ልጄ ድፎውን በሁለት እጅ ቆረሰች። ከዚያ የከተማው ልጆች እንደሚያደርጉት ቁራሹን በየተራ እያነሳች አጎረሰች፤ መጀመሪያ አባቷን፣ ከዚያ የአስካሪውን ልጅ። ማጉረስ ከእኛ ጋር የመጣ መስሎኝ ነበር፤ እዚህም ነበር ለካ።

እናቴ ስልኩ ውስጥ፣ ብርጭቆ ተደግፋ፣ ጠረጴዛው ላይ ነበረች። ልጆቹ ሲበሉ «ዝም በሉ፣ እማማ ልትናገር ነው» አለች ልጄ። እናቴም ጀመረች፤ ቆርቆሮው፣ ዝናቡ፣ ሁለቴ ያስደገመችው ቃል። ልጄ እየተረጎመች ለጓደኞቿ በእንግሊዝኛ አስተላለፈች። ያኔ ላርማት እችል ነበር። ሽማግሌው እያዩኝ ነበር። እኔ ሻይ ለመቅዳት ወደ ማዕድ ቤት ገባሁ።

ኬንያ ውስጥ በልደት ቀን ልደተኛው ላይ ውሃ መድፋት የተለመደ ነው። ሰው ሳያስብ፣ ከኋላ፣ በባልዲ ይሁን በጆግ። ከዚህ በፊት ሳየው ቀልድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የናይሮቢ ውሃ አብዛኛው ከአበርዴር ተራሮች ግርጌ ከንዳካይኒ ግድብ ነው የሚመጣው፤ እኛ ግቢ ደግሞ በፈረቃ ነው፣ በሳምንት ሁለት ቀን። ረቡዕ የእኛ ተራ አይደለም። ስለዚህ በዚያ ቀን የሚደፋ ውሃ ሁሉ አንድ ሰው በጀሪካን ያስቀመጠው፣ ለእቃ ማጠቢያ ወይም ለሻይ ያለው ውሃ ነው። ልጆች ሳለን ጳጉሜ 3፣ ሩፋኤል፣ ዝናብ ሲጥል ልብሳችንን አውልቀን እንሮጥበት ነበር፤ የዚያ ቀን ዝናብ ጸበል ነው እየተባልን። ልጄ ያንን አታውቀውም። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ከተነከረች ወዲህ ውሃ ድንገት መጥቶባት አያውቅም።

ልጆቹ ወደ ግቢ ወረዱ። ስልኩን እኔ ይዤ ተከተልኩ፤ እናቴ እየተንቀጠቀጠች በመዳፌ ውስጥ ወረደች። አኪኚ ልጄን ከፊት ለፊት ይዛ የሆነ ነገር ስታወራት፣ ጎረቤቴ ከኋላ ትልቅ የፕላስቲክ ጆግ ይዛ በጣቶቿ ጫፍ መጣች። ውሃው ወረደ።

ልጄ ትንፋሿ ቆመ። አፏ ተከፍቶ ድምፅ አልወጣም፤ ያቺ ከለቅሶ በፊት ያለችው ዝምታ ናት ብዬ ልሮጥ አልኩ። እሷ ግን ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ሰማዩ ሰማያዊ ነው፣ ደመና የለም። ቀሚሷን አየች። ከዚያ ወደ ስልኩ ሮጠች።

«እማማ! መጣ! ዝናቡ መጣ!»

«አላልኩሽም?» አለች እናቴ።

ጎረቤቴ ወደ እኔ ዞረች። «ማማም እኮ በዚሁ ቀን ነው የወለደችው» አለች። ጆጉ ውስጥ ግማሽ ቀርቶ ነበር።